ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ስለነበሩት እናቴ ለምን ጠየቁ?

ጥያቄ፦ እናቴ 79 ዓመታቸው ነው። በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል በገቡበት ሌሊት ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው፣ ንግግራቸውም ተምታቶ ነበር። ሐኪሙ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት መድኃኒታቸውን ማን ይሰጣቸው እንደነበርና ገንዘባቸውን ራሳቸው ይይዙ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከዚያም መዝገቡ ላይ «5» ብለው ጻፉ። ቁጥሩ ሕክምና ለመንፈግ ይውል ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ።

ልጃቸው

መልስ፦ ሐኪሙ የተጠቀሙት የአረጋውያንን የአቅም መመናመን የሚመዝን መለኪያ ነው። በካናዳ የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የአረጋውያን ሕክምና ተመራማሪ የሆኑት ኬኔት ሮክዉድ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ሲሆን፣ መጀመሪያ 7፣ ኋላ ላይ 9 ደረጃዎች እንዲኖሩት ተደርጓል። 1 በጣም ጠንካራና ንቁ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ነው። 5 ላይ ያለ ሰው ራሱ ይለብሳል፣ ራሱ ይመገባል፤ ገንዘቡን ለመቆጣጠር፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ለመውሰድ ወይም ከባድ የቤት ሥራ ለመሥራት ግን አጋዥ ያስፈልገዋል።

ድንገተኛ ሕመም ማንንም አልጋ ላይ ይጥላል። በቅርቡ ያለ ደጋፊ ደረጃ ይወጡ የነበሩ እናትና ለዓመታት ሰው ደግፎ ያቆማቸው የነበሩ እናት በድንገተኛ ክፍል ሲታዩ ላይለያዩ ይችላሉ፤ የዕለቱን ሁኔታ ብቻ የመዘገበ ሐኪም የለካው ሕመሙን እንጂ ታማሚዋን አይደለም። የሁለት ሳምንቱ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው፤ መልስዎም እናትዎ ሲያገግሙ ወደ የትኛው አቅም እንዲመለሱ መጣር እንደሚገባ ያመለክታል።

ስጋትዎ መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ ማን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይግባ ለሚለው ውሳኔ የወጣ መመሪያ በዚህ መለኪያ ላይ ተመርኩዞ ተቃውሞ ስለገጠመው፣ መለኪያው ለወጣቶችና የቆየ የአካል ጉዳት ላለባቸው እንዳይውል በቀናት ውስጥ ተሻሽሏል። ቁጥሩ ለሰፊ ምርመራ መነሻ ነው፤ ለብቻው ሕክምና መከልከያ ከሆነ ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አለዎት።

በደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የንግግራቸው መምታታት ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ እንዲህ ያለ መወናበድ ዲሊሪየም ይባላል፤ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የሽንት መታገድ ወይም መድኃኒት ሊያመጣው ስለሚችል «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። አሜሪካዊቷ የአረጋውያን ሐኪም ሻሮን ኢኖዬ እ.ኤ.አ. በ1999 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት፣ 852 የሆስፒታል ታካሚዎችን ባካተተ ጥናት፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ በማቅረብ፣ እንቅልፍን በመጠበቅ፣ በቂ ፈሳሽ በመስጠትና ታካሚውን ቶሎ በማንቀሳቀስ ዲሊሪየም የያዛቸው ሰዎች ድርሻ ከ15 ወደ 9.9 በመቶ ወርዷል። ዲሊሪየም አንዴ ከጀመረ በኋላ ግን እነዚህ እርምጃዎች ክብደቱን አልቀነሱትም፤ ስለዚህ ለእናትዎ መንስኤው ተፈልጎ መታከም አለበት። ከሕመሙ በፊት አነጋገራቸው ምን ይመስል እንደነበር ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ፣ መነጽር ካላቸው ያምጡላቸው፣ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚችሉበትን ጊዜም ነርሷን ይጠይቁ።