መልስ፦ ኃይል ነው ዕድገትን የሚያመጣው ወይስ ዕድገት ኃይልን?

"የኃይል ፍጆታ ነው ኢኮኖሚውን የሚያሳድገው ወይስ ኢኮኖሚው ሲያድግ ነው ፍጆታው የሚጨምረው?" ላልከው፣ ባጭሩ ሁለቱም ነው፤ እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያያል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ጆን ክራፍትና አርተር ክራፍት በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ከ1947 እስከ 1974 ያለውን የአሜሪካ መረጃ ይዞ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት የኃይል ፍጆታን ይጎትታል እንጂ ፍጆታ ምርትን አይጎትትም ነበር ያለው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች የተሠሩት ግን እርስ በርስ ይጣረሳሉ፤ አንዱን ውጤት ይዞ ሙጭጭ ማለት አይታየኝም።

እኔን የሚያሳምነኝ አገሩ ያለበትን ደረጃ ማየት ነው። መንገዱም ቤቱም ገና እየተሠራ ባለበት አገር ሲሚንቶና ብረት ያለ ብዙ ኃይል አይገኙም፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ ደመወዝና የባንክ ወለድ ግን አይቆሙም። በበለጸጉት አገሮች ዘንድ ግን ኃይልንና ዕድገትን ያሰረው ገመድ ላልቷል። የዋጋ ንረት ተቀንሶ ሲሰላ፣ አሜሪካ ዛሬ ለአንድ ዶላር ምርት የምታውለው ኃይል በ1973 ከነበረው ከግማሽ በታች ነው። 60 ዋት ይበላ የነበረውን አምፖል ብርሃን ዛሬ 9 ዋት ገደማ የሚበላ ኤልኢዲ ይሰጣል።

ደግሞ ከውጭ የገባ ብረት የፈጀው ኃይል የሚመዘገበው በአምራቹ አገር ነው። "ዕድገቴን ከኃይል አላቅቄያለሁ" የሚል አገር ሲገጥምህ ከውጭ የሚያስገባውንም ዕቃ ደምረህ እይ።