ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የሚቆም ኩዌሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቡሬ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የዳታ ሠራተኛ ነኝ። ከየመጋዘኑ የሚላከውን የእህል ገቢ ፋይል በኤስኪውኤል ሰርቨር (የዳታ ቋት ፕሮግራም) የምናነበው፣ ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ በጻፈው ኦኤልኢ ዲቢ ፕሮቫይደር (ዳታውን ለሰርቨሩ አንብቦ የሚያቀብል ፕሮግራም) እና በሊንክድ ሰርቨር (ሰርቨሩን ከውጭ ዳታ ጋር የሚያገናኝ መስመር) ነው። ሰሞኑን ኩዌሪው (ለሰርቨሩ የምናቀርበው የዳታ ጥያቄ) በስህተት 7347 ይቆማል፤ የከተማው ስም ዓምድ ላይ «የሚጠበቀው ርዝመት 20፣ የመጣው 22» ይላል። የቡሬን መጋዘን ብቻ በኮድ ብጠይቅም ያው ነው። የመጀመሪያዎቹን 50 መስመሮች ስል ግን ይመጣል፤ የከተሞቹ ስም ብቻ የጉንዳን እግር የመሰለ ምልክት ይሆናል። ኔትወርኩ ይሆን? ልጁን እንዳልጠይቀው ስልኩ አይሠራም።
ከቡሬ

መልስ፦ ኔትወርኩን ተወው ወንድሜ፤ እሱ ቢሆን 50ውም አይመጣልህም ነበር። ይህን የምልህ ባሕር ዳር ሳለሁ ለተመሳሳይ ነገር ፋየርዎል ስከፍትና ስዘጋ ሦስት ቀን ስላቃጠልኩ ነው።

እስቲ «ደብረ ማርቆስ» ብለህ ጻፍና ቁጠር። 7 ፊደል፣ አንድ ክፍተት። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በኮምፒውተር የማስቀመጫ ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የዳታ መጠን መለኪያ) ይይዛል፤ 21፣ ከክፍተቱ ጋር 22። ያው ያንተ ቁጥር! «ፍኖተ ሰላም» 19 ስለሆነ ለጥቂት አምልጧል። ቡሬማ 6 ነው፣ ምን ገዶት። ሰሞኑን የደብረ ማርቆስ መጋዘን ተጨምሮላችሁ እንደሆነ ልገምት። ልጁ «የከተማ ስም ከ20 ፊደል አይበልጥም» ማለቱ ልክ ነበር፤ የሳተው ፊደሉ በባይት እንደሚቆጠርበት አለማሰቡ ላይ ነው።

የቡሬን ብቻ ስትል ለምን ይወድቃል? እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የተሠራ ፕሮቫይደር ብዙውን ጊዜ ማጣሪያ አይቀበልም። ሰርቨሩ ሁሉንም መስመር ጎትቶ ራሱ ይለያል፤ ለአንዲት ጣሳ እህል ጎታውን በሙሉ መዘርገፍ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስም አብሮ ይዘረገፋል።

20ውን 60 አድርገህ እንዳትገላገል። ስህተቱ ይጠፋል፣ የጉንዳኑ እግር ግን ይቀራል፤ ሰርቨሩ ባይቶቹን በራሱ ኮድ ፔጅ (ባይትን ወደ ፊደል በሚቀይርበት ሠንጠረዥ) ነው የሚያነባቸው። ፕሮቫይደሩ ዓምዱን የዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ ደረጃ) ጽሑፍ ብሎ ያስመዝግብ፣ ስሙንም ወደ ዩቲኤፍ-16 (አንዱ የግዕዝ ፊደል 2 ባይት ወደሚይዝበት ስልት) ቀይሮ ያስረክብ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ የዓምዱ መጠን የሚነገረው በፊደል ሲሆን፣ የሚመጣው የእያንዳንዱ ስም ርዝመት ግን በባይት ነው። ለደብረ ማርቆስ ክፍተቱን ጨምሮ 8 ፊደል፣ 16 ባይት። 20ው እንዳለ ይበቃል።

ልጁ ኮዱን ይዞ ሄዶ ከሆነስ? ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ፕሮቫይደሩን እርሳው። ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 እትም ጀምሮ «በልክ ኢንሰርት» (ፋይልን በጅምላ ወደ ሠንጠረዥ የሚያስገባው ትእዛዝ) በኮድ ፔጅ 65001 ዩቲኤፍ-8ን ያነባል፤ የከተማውን ዓምድ ኤንቫርቻር (የዩኒኮድ ጽሑፍ የሚይዝ ዓይነት) አድርገህ አስገባው። እኔ ብሆን ኮዱ ቢኖረኝም ይህንኑ ነበር የምመርጠው።

ከዚያ በኋላ በከተማ ስም ስትፈልግ ከጥቅሱ ፊት «ኤን» የምትባለውን የላቲን ፊደል አስቀድም። በተለመደው የላቲን ኮሌሽን (የሰርቨሩ የጽሑፍ አያያዝ ደንብ) እሷ ከተረሳች ቡሬም ሞጣም እኩል «??» ይሆናሉ።