ሰሜን ወይስ ስሜን?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ከጓደኞቼ ጋር ስለ ራስ ደጀን አካባቢ ዕፅዋትና የእግር መንገዶች አነስ ያለች መጽሐፍ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ሽፋኑ ላይ ‹የሰሜን ተራሮች› እንበል ወይስ ‹የስሜን ተራሮች›? አራሚያችን ‹ስሜን የሚባል ቃል የለም› ብሎ ሁሉንም በሰ ለውጦብናል። ደግሞስ ለእግር መንገዱ ‹ዱካ› ማለት ይቻላል?»

ጥያቄው ደስ ብሎኛል። ለዓመታት ስከራከርበት የኖርኩት ነገር ነው። ስሜን በሉ። በሳድሱ ስ።

ከላካችሁልኝ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ልውሰድ። «ጅብራ በሰሜን ተራሮች ይበቅላል» ይላል። («ግዙፍ ሎቤሊያ» ሳትሉ ጅብራ ማለታችሁን ወድጄዋለሁ።) አንባቢው ምን ይረዳ? በሰሜን ኢትዮጵያ ባሉት ተራሮች ሁሉ? ወይስ በዚያ በዋሊያው አገር? ጅብራ እኮ ባሌም አለ፤ ሳነቴ አምባ ላይ ሞልቷል። ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ «በሰሜን ተራሮች ሰሜን በኩል ያለው ገደል» የሚል አለ። በገደል ጫፍ የሚሄድ ሰው በእጁ የያዘው መጽሐፍ እንዲህ ሊያደናግረው አይገባም። ደባርቅ ራሷ የሰሜን ጎንደር ዞን ከተማ ናት፤ እዚያ ሰሜን አቅጣጫ ነው። ከከተማዋ ወጥተው በተራሮቹ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር ሲያመሩ ያው ቃል የአገር ስም ይሆናል።

የአራሚያችሁን ሐሳብ የሚደግፉ ብዙ ናቸው። ቃሉ አንድ ነው፣ ከግዕዝ የመጣ ነው፣ ስለዚህ አጻጻፉም አንድ ይሁን ይላሉ። ስለ አመጣጡ እውነት አላቸው። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አይከተሉትም። በጥንቱ ግዕዝ ሰሜን ማለት ደቡብ ነበር። አዎ፣ ደቡብ። አክሱም ላይ ለተቀመጠ ሰው እነዚያ ተራሮች በስተደቡብ ናቸው። በኋላ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ ሲወርድ ተራሮቹ በስተሰሜን ቀሩ፤ የቃሉም ትርጉም አብሮ ዞረ። የተለመደው ማብራሪያ ይህ ነው። ይህ ከሆነ አቅጣጫው የተራራውን ስም ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። እና ቃሉ ቀድሞ የቦታው ነው ብዬ አምናለሁ። ለየት ያለ አጻጻፍ ቢሰጠው ምን ይበዛበታል?

የስሙን ጥንታዊነት በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ የነበረው የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዘመን የገለበጠው ይህ የግሪክኛ ጽሑፍ፣ እስከ ጉልበት በሚያሰምጥ በረዶ የተሸፈነውን ተራራማ አገር በስሙ ይጠራዋል። ሰ ይሁን ስ ግን የግሪክ ፊደል አይለይልንም። እዚህ ላይ ማስረጃው እኔን አይረዳኝም።

ጆሮዬ ግን ይረዳኛል። አንድ ጊዜ ዳባት ላይ መኪና ቆሞብን፣ ደርሰን እንደሆነ አንድ አዛውንት ጠየቅኩ። «ይሄ ወገራ ነው ልጄ፤ ስሜን ገና ነው» አሉኝ። ስ ከጥርሳቸው መሃል ሾልካ ወጣች፤ ሰ ለማለት አፋቸውን አልከፈቱም። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ፊደል ጽፌው አላውቅም።

ይሁን እንጂ ልሸሽገው አልችልም፤ ዛሬ በዜናም በጽሑፍም ሰሜን ገንኗል። ከሥርወ ቃሉም አንጻር ሰሜን ብሎ የጻፈውን ተሳስተሃል ማለት አይቻለኝም። እጄ ግን እሺ አይለኝም።

ስለ ዱካ አጭር መልስ ይበቃል። ዱካ ያለፈ እግር ጥሎት የሄደው ምልክት ነው፤ የአዳኝ ቃል ነው። ዋሊያ ዱካ አለው። እዚያው ተራሮች ላይ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚወስደው ግን የእግር መንገድ ነው፤ እናንተም በጥያቄያችሁ ላይ ሳታስቡት ያላችሁት እሱኑ ነው።

አራሚያችሁ አሻፈረኝ ካለ፣ ቢያንስ አቅጣጫ በምትጠቁሙበት ቦታ ሁሉ «በስተሰሜን» ብላችሁ ለዩት። መጀመሪያ ገጽ ላይም ስሙ በሁለቱም መንገድ እንደሚጻፍ በአንድ መስመር ንገሩ። ሽፋኑ ላይ ግን ስሜን።