ከኮሌጅ በኋላ ምርኩዝ ዝላይ የት ይሠራል?

እህቴ፣ «በግንቦት ልመረቅ ነው፣ ምርኩዝ ዝላይን መተው አልፈልግም፣ ከዚህ በኋላ የት ነው የምሠራው?» ላልሽው፣ እኔም እዚሁ አሜሪካ አልፌበታለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

አሠልጣኝሽን አሁኑኑ አናግሪው፣ ሳትመረቂ። እኔ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ከምርቃት በኋላ ምርኩዜን ይዤ ስሄድ «ተማሪ ስላልሆንክ ኢንሹራንሱ አይሸፍንህም» ተባልኩ፤ አራት ዓመት የወደቅኩበት ፍራሽ ከአጥር ማዶ ቀረ። በጣም ነው ያመመኝ። ቀድመሽ ከተነጋገርሽ ግን ረዳት አሠልጣኝ ሆነሽ ልትቀሪ ትችያለሽ። ክሪስ ኒልሰን ከደቡብ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ከወጣ በኋላ የትም አልሄደም። እዚያው ቨርሚሊየን ከአሠልጣኙ ከዴሪክ ማይልስ ጋር ቀርቶ በቶኪዮ ኦሎምፒክ 5.97 ሜትር ዘሎ የብር ሜዳሊያ አመጣ።

ማይልስ ራሱ ደግሞ ዘላይ በነበረበት ዘመን ጆንስቦሮ፣ አርካንሶ ወርዶ ኧርል ቤል ጋ ነበር የሚሠራው። ቤል በ1984 ኦሎምፒክ ነሐስ ያገኘ ሰው ነው፤ ከኮሌጅ የወጡ ዘላዮች እሱን ብለው ከተማ ይቀይሩ ነበር። ለሜዳው ውበት ብለሽ ሳይሆን ዝላይሽን ለሚያይልሽ ዓይን ብለሽ ብትሄጂ ነው የሚያዋጣሽ። ጄን ሱርን ብታዪ፣ የለንደን ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው ኒውዮርክ ገጠር፣ ቸርችቪል፣ እቤቷ አጠገብ በቆመ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከአሠልጣኟ ከባሏ ጋር እየሠራች ነው።

እኔን ያዳነኝ የግል ክለብ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ማታ ማታ የሚሠሩበት መጋዘን፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል። ክፍያውን ስላልቻልኩ ልጆቹን በሳምንት ሁለት ማታ አሠለጥንና እነሱ ሲወጡ እኔ እዘላለሁ። አንቺም እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ርቀቱም አያስደንግጥሽ፤ ፍራሽ የሚያስፈልግሽ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ሩጫውን፣ ክብደቱን፣ ዘንግ ላይ መንጠልጠሉን ሰፈርሽ ትጨርሺዋለሽ።

ማንም ያልነገረኝ የምርኩዙን ጉዳይ ነው። የምትዘይባቸው የኮሌጁ ናቸው፣ ስትወጪ ይቀራሉ። አንድ ገዝተሽም አይበቃም፤ ፍጥነትሽ ሲጨምር ጠንከር ያለ፣ ረዘም ያለ ትፈልጊያለሽ፣ አዲሱ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ አሁን የምትይዣቸውን ርዝመትና የክብደት ልክ (ምርኩዙ የተሠራለትን የዘላይ ክብደት) ጽፈሽ ያዢ፣ ያገለገለ የሚሸጥም ከወዲሁ አጠያይቂ። መኪናሽ ላይ የጣሪያ መደርደሪያ ይኑር፤ አውሮፕላን ላይ «አንጭንም» የሚሉሽ ብዙ ናቸው።

የትኛው ስቴት እንደሆንሽና ስንት እንደምትዘይ ጻፊልኝ፣ የማውቀው ክለብ በአቅራቢያሽ ካለ እጠቁምሻለሁ።