መልስ፦ ፈጣኗ መርከብ ለምን ሥራ አቆመች?

ወንድሜ፣ «ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችው መርከብ ያን ያህል ፈጣን ከነበረች ለምን ሥራ አቆመች?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ ፍጥነቷስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1952 በመጀመሪያ ጉዞዋ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋረጠች። ኩዊን ሜሪ የተባለችው የእንግሊዞች መርከብ ይዛው የነበረውን ክብረ ወሰን በ10 ሰዓት አሻሻለችው ማለት ነው፤ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን መርከቧ ለትርፍ ብቻ የተሠራች አልነበረችም። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የአሜሪካ መንግሥት ሲሆን፣ ጦርነት ቢነሣ 14,000 ያህል ወታደር እንድታጓጉዝለት አስቦ ነበር። ንድፍ አውጪዋ ዊልያም ፍራንሲስ ጊብስ ደግሞ የእሳት ነገር እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ነበር። የላይኛውን ክፍል በአሉሚኒየም አሠራ፤ የቤት ዕቃውን ሳይቀር ከብረት አደረገው። በመርከቧ ውስጥ እንጨት የቀረው የሥጋ መክተፊያውና ፒያኖው ብቻ ነበር ይባላል፤ ፒያኖውም ቢሆን በቀላሉ ከማይቀጣጠል እንጨት የተሠራ!

በጥቅምት 1958 የጄት አውሮፕላን በአትላንቲክ ላይ መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር ቀናት የሚፈጀው መንገድ የሰዓታት ሆነ። ነጋዴውና ባለሥልጣኑ ቀድመው ወደ አውሮፕላኑ ሄዱ። መርከቧ ግን መኝታዎቿ ባዶ ቢሆኑም 1,000 ገደማ ሠራተኛና የማይጠግበውን ሞተሯን መቀለብ ነበረባት። የመንግሥት ድጎማም አላዋጣም፤ በ1969 ቆመች።

እንደ እኔ ሐሳብ ብልጦቹ መንገደኛ ማመላለሱን ትተው ፊታቸውን ወደ መዝናኛ የባሕር ሽርሽር ያዞሩት የመርከብ ኩባንያዎች ናቸው። ተቀናቃኟ ኩዊን ሜሪ ግን እሷም ከመንገደኛ ጉዞ ወጥታ፣ በ1967 ተሸጣ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ ሆቴል ሆናለች።