«የት ነው የማውቅህ?» ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ሐይቁ ዳር ቡና አዝዤ ተቀምጫለሁ። ሳይኮሎጂ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። «ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ» የምንለው በምን ተመርተን ነው የሚለው ከሁሉም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ጠይቁኝ አልኩ፤ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐይቁ ዳር ሁልጊዜ ቆሮሶ የምገዛው ልጅ አለ። ባለፈው ዳንግላ መናኸሪያ ሳየው «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» አልኩ፤ ማን እንደሆነ ግን ባሕር ዳር እስክገባ አልመጣልኝም። አረጀሁ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አላረጀህም! ጆርጅ ማንድለር የተባለ ሳይኮሎጂስት በ1980 ይህንኑ ጽፏል። የእሱ ምሳሌ አውቶቡስ ላይ የተገናኘ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ያንተ ዓሣ ሻጭ ሆነ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። እንደ ማንድለር አባባል ሁለት ነገር ነው የሚከናወነው። አንደኛው «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ማብራሪያ የለውም። ሁለተኛው ፍለጋ ነው፦ የት? መቼ? ከማን ጋር? ልጁን ያለ ሐይቁ፣ ያለ ዓሣው፣ ያለ ቢላዋው ስታየው ፍለጋው የሚይዘው ጫፍ አጣ። ስሜቱ ግን ዳንግላም ቢሆን መጣ።

ጥያቄ፦ ሁለቱ የእውነት ይለያያሉ? ወይስ «አውቀዋለሁ» ማለት ደከም ያለ ትዝታ ነው?

መልስ፦ ምሁራኑም እስካሁን አልተስማሙም። ኤንደል ቱልቪንግ በ1985 ተፈታኞቹን «ታስታውሰዋለህ፣ ወይስ ታውቀዋለህ ብቻ?» ብሎ ለይቶ ጠየቀ። ቀጥሎ አንድሪው ዮኔሊናስ፣ ስሜቱ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ትዝታው ግን ወይ ይመጣል ወይ ጨርሶ ይቀራል አለ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሚዛኑ አንድ ነው፣ ከባድ ሲሆን «አስታወስኩ» እንላለን ባይ ናቸው። እኔ «ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው» ወደሚለው አደላለሁ፤ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ተጎድቶባቸው ትዝታው ሲጠፋቸው ስሜቱ በአንጻሩ የተረፈላቸው ሰዎች አሉ። ይሄም ያከራክራል።

ጥያቄ፦ ትናንት ሽምብጥ ሰፈር የአንዱን ትከሻ ከኋላ መታ አድርጌ «ጠፋህ አንተ!» አልኩት። ዞር ሲል አይቼው የማላውቅ ሰው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መልስ፦ «ይቅርታ፣ ሰው መስለኸኝ ነው» ያላለ ማን አለ? ይህን የሚያብራራው ከራዳር ሥራ ጋር የተያያዘ ሐሳብ ነው። የራዳር ተቆጣጣሪ ብልጭ ያለው ነገር አውሮፕላን ይሁን ወፍ መወሰን አለበት። አንተም እንደዚያው ነህ። ያየኸው ሰው የሚሰጥህ ስሜት መጠን አለው፤ ስንት ሲደርስ «አውቀዋለሁ» እንደምትል ግን መስመሩን የምታሰምረው አንተው ነህ፣ ለዚህም ነው የሰው የማስታወስ ችሎታና የመስመሩ ቦታ ለየብቻ የሚለኩት። እስቲ አስበው፦ እኛ አገር ሰላም ሳይሉ ማለፍ ጣጣው ብዙ ነው። «አይቶ እንዳላየ አለፈኝ» ይባላል፣ ወሬው እናትህ ጋ ይደርሳል። የማታውቀውን ሰላም ብትል ግን አንድ ጊዜ አፍረህ ትስቃለህ፣ አለቀ። ስለዚህ መስመርህ ዝቅ ማለቱ ከጤና ነው። ፖሊስ ጋ ሌባ ለይ የተባለ ምስክር በዚሁ መስመር ከሄደ ግን ያልሰረቀ ሰው ያሳስራል።

ጥያቄ፦ የዘጌውን ዑራ ኪዳነ ምሕረት በደንብ አውቀዋለሁ። ሌላ ገዳም ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ብገባ ስዕሉን ሁሉ ያየሁት መሰለኝ። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆንሽም እህቴ። ዳግላስ ሂንትዝማን ሚነርቫ 2 በሚባል የማስታወስ ሞዴሉ እንዲህ ይላል፦ አንድ ነገር ስታዪ አእምሮ ከአንድ ትዝታ ጋር ብቻ አያመሳስለውም፤ ካከማቸው ሁሉ ጋር በአንዴ ያስተያየዋል፣ ሁሉም በየመመሳሰሉ ልክ ያስተጋባል። በነጭ ፈረስ ላይ ያለ ጊዮርጊስ ስንት ቦታ አይተሻል? የዚያ ሁሉ ማስተጋባት ሲደመር አዲሱ ስዕል ያየሽው ይመስልሻል። ሮዲገርና ማክደርሞት በ1995 ባሳዩት መንገድ «አልጋ፣ ህልም፣ ድካም፣ እረፍት» እያሉ ዝርዝር ቢያነቡልሽ፣ ያልተነበበውን «እንቅልፍ» ሰምቻለሁ ብለሽ ትምያለሽ።

ጥያቄ፦ የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ ነኝ። ሀንድአውቱን ሳነበው ሁሉንም አውቀዋለሁ፣ ፈተና ላይ ባዶ!

መልስ፦ ሦስቴ ያነበብከው ወረቀት አራተኛ ጊዜ ዓይንህ ላይ ይንሸራተታል፤ አንተ ያንን ቅለት እውቀት ነው ትላለህ። ወረቀቱን ገልብጠህ ባዶ ገጽ ላይ ጻፈው። ምርጫ ፈተና ሲሆን «ይቺን የሆነ ቦታ አይቻታለሁ» ብለህ አታክብብ፤ የተሳሳቱት ምርጫዎችም ከዚያው ሀንድአውት የተወሰዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ስሜን ጠርቶ አቀፈኝ፤ የእሱ ስም ግን ጠፋኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ ብሩስና ያንግ በ1986 ባቀረቡት ሞዴል መጀመሪያ ፊቱ ይለያል፣ ቀጥሎ ማንነቱ ይመጣል፣ ስም መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ቤተሰብ ደህና? ሥራ እንዴት ነው?» እያልክ አውራው፣ ፍንጭ ይጥልልሃል። እኔ አንዴ ሃያ ደቂቃ እንዲህ አዋርቼ ሰውየው ሲሄድ «በል ኪራዩን አትርሳ» አለኝ። አከራዬ ነበር።