ማተብ ካወቅሽ ጀምረሻል

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቀሽ 3 ዓመት ሠርተሻል። አሁን ዱባይ ያለ ሆስፒታል ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። ቀድመውሽ የሄዱት ጓደኞችሽ «የሌላ እምነት ታካሚ እንዴት እንደምትንከባከቢ መጠየቃቸው አይቀርም» ብለውሻል። አንቺ ደግሞ «ከኦርቶዶክስና ከእስልምና ውጪ የማውቀው የለም፤ በ10 ቀን ምን ላጥና?» ብለሽ ጨንቆሻል።

ጥያቄውን ለወጉ ያህል አይደለም የሚጠይቁት። ዱባይ ያለችበት አገር፣ ኤምሬትስ፣ ውስጥ ከሚኖሩት 10 ሰዎች ወደ 9 የሚጠጉት ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ከሁሉም የሚበዙት ሕንዶች ናቸው። የጉጃራት ሂንዱ፣ የፑንጃብ ሲክ፣ የፓኪስታን ሙስሊምና የፊሊፒንስ ካቶሊክ በአንድ ሺፍት እጅሽ ላይ ሊገቡ ይችላሉ።

እኔም ነርስ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ለቀዶ ጥገና ሳዘጋጅ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ልቆርጥ መቀስ አነሳሁ። እጄን ያዝ አደረጉኝ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። ቆየት ብለው «ልጄ፣ ክርስትና ከተነሳሁ ጀምሮ አንገቴ ላይ ነው» አሉኝ። ሐኪሙን ጠየቅኩት። ቀዶ ጥገናው ሆዳቸው ላይ ስለነበር ማተቡን በንጹሕ ጎዝ ጠቅልዬ በፕላስተር ትከሻቸው ላይ ለጠፍኩት። ማንንም አላስቸገረም። ባልጠይቅ ኖሮ ግን እኚያ ሴት ወደ ቀዶ ጥገና የሚገቡት እያለቀሱ ነበር።

ይህን የምነግርሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ማተብ ምን እንደሆነ ለአንቺ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። እዚያ የምታገኚያቸውም ሰዎች የየራሳቸው ማተብ አላቸው።

ያገባች ሂንዱ ሴት አንገት ላይ ጥቁር ጨሌ ያለበት ሐብል ልታዪ ትችያለሽ። ማንጋልሱትራ ይባላል። ባልየው በሠርጋቸው ቀን ያሰረላት ነው። አንዳንድ ወንዶች ደግሞ ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ ጎናቸው የሚወርድ ክር አላቸው። ሳትጠይቂ አትፍቺ፣ አትቁረጪ። ሂንዱዎች ነፍስ አትሞትም፣ ሥጋ ትቀይራለች ብለው ያምናሉ። የሚቀጥለውን ሕይወት የሚወስነው ሰው የሠራው ሥራ ነው፤ ካርማ የሚሉት ይህን ነው። ሲሞቱ አስከሬኑ ይቃጠላል። ለሞት የተቃረበ ታካሚ ካለሽ፣ ቤተሰቡ ከጋንጀስ ወንዝ የመጣ ውሃ አፉ ላይ ጠብ ማድረግ ሊፈልግ ይችላል። ጸበል ይዞ የሚመጣ አስታማሚ አይተሽ ታውቂያለሽና አይገርምሽም። መዋጥ ለማይችል ታካሚ ግን ከንፈሩን ማራስ እንደሚበቃ በእርጋታ ንገሪያቸው።

ምግብ ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳተው አለ። «ሥጋ አልበላም» ሲሉ ጾም ይመስለናል። አይደለም። ሥጋ የማይበላ ሂንዱ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይወስዳል። ብዙዎቹ እንቁላል ግን አይነኩም። ሥጋ የሚበላ ሂንዱም ብዙ ነው፤ እሱም ቢሆን የበሬና የላም ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ አይበላም።

ሲኮችን ከሂንዱም ከሙስሊምም እንዳትቀላቅይብኝ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፑንጃብ ውስጥ ከተወለዱት ጉሩ ናናክ የተነሳ፣ በአንድ አምላክና በሰው ልጅ እኩልነት የሚያምን ሃይማኖት ነው። ሥርዓቱን የፈጸሙ ሲኮች አምስት ነገሮችን አይለዩም፦ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ቁምጣ መሰል የውስጥ ልብስና ትንሽ ጎራዴ። ፀጉር ሲባል የራስ ብቻ አይደለም፤ ጺምም፣ የገላ ፀጉርም ነው። ስለዚህ ለቀዶ ጥገና ምላጭ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ። መላጨቱ የግድ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ያስረዳቸው፣ ፈቃዳቸውንም ይቀበል።

ሙስሊም ጎረቤት ስላለሽ እስልምናን የምታውቂው ይመስልሻል። ጎረቤት መሆንና ማስታመም ግን ይለያያል። ረመዳን ላይ የስኳር ታካሚ «እጾማለሁ» ይልሻል። ቁርአን በሁለተኛው ምዕራፍ ቁጥር 185 ላይ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣው ፈቅዷል። ይህን እያነሳሽ ግን አትከራከሪ፤ ያንቺ ቦታ አይደለም። ለሐኪሙ ቶሎ ንገሪ፤ ከተፈቀደ መድኃኒቱ በኢፍጣር (በማፍጠሪያ) እና በሱሁር (ጎህ ሳይቀድ በሚበላበት) ሰዓት ሊስተካከል ይችላል። ውሃ መንካት የማይችል ታካሚ በተየሙም፣ ማለትም በንጹሕ አፈር፣ ለሰላት መዘጋጀት ይችላል። አልጋውን ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ ማዞር ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅብሽም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ከአሳማ አንጀት እንደሚሠራም እወቂ፤ ታካሚ ከጠየቀሽ ሳትደብቂ ለሐኪሙ አስተላልፊ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገርሽ። አይሁድ ከዓርብ ፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ ሰንበትን ያከብራሉ፤ ነፍስ ለማዳን ግን ሰንበት ይሻራል። የታሸገ የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተዘጋጀ) ምግብ ሲመጣ ታካሚው ፊት ይከፈት እንጂ አንቺ ቀድመሽ አትክፈቺው። ቡድሂስት ታካሚ በመጨረሻ ሰዓቱ አእምሮው እንዳይደነዝዝ ብሎ የሚያስተኛ መድኃኒት ሊቀንስ ይፈልግ ይሆናል። ክርስቲያንም አንድ ዓይነት አይደለም፦ የይሖዋ ምሥክሮች ደም አይወስዱም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ይህን ሁሉ እንደ ፈተና አትዘርዝሪ። የማተቡን ዓይነት አንድ ገጠመኝ ከራስሽ ሥራ ፈልጊ። ምን እንዳየሽ፣ ምን ብለሽ እንደጠየቅሽ፣ ከዚያ ምን እንዳደረግሽ በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ቀጥለሽ እንዲህ በይ፦ «ታካሚ ስቀበል በምግብ፣ በጸሎት ወይም በሰውነትዎ ላይ ባለ ነገር ልጠነቀቅለት የሚገባ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ቻርት ላይ እጽፈዋለሁ።» ቻርት ላይ መጻፍሽን እንዳትረሺ። የሚቀጥለው ሺፍት ካላወቀው ያንቺ መጠየቅ ዋጋ የለውም። በስም ወይም በመልክ ሃይማኖት አትገምቺ። የኬረላ ሕንዳዊ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፤ ፍልስጤማዊም እንዲሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያ አገር ሙስሊምን ወደ ሌላ ሃይማኖት መስበክም፣ ሃይማኖትን መስደብም በሕግ ያስጠይቃል። በቅንነት «ልጸልይልዎት?» ማለት እንኳ ችግር ሊያመጣብሽ ይችላል። ለታካሚሽ የምትጸልዪ ከሆነ ቤትሽ ጸልዪ።

10ሩን ቀን በሙሉ ለጥናት አታውይው። ሦስቱ ለሂንዱ፣ ለሲክና ለእስልምና ይበቁሻል። የቀረውን ገጠመኝሽን በእንግሊዝኛ ጮክ ብለሽ ስትናገሪ፣ ስልክሽ ላይ ቀድተሽ ስታዳምጪ አሳልፊው። ካለፍሽና ከሄድሽ ደግሞ በመጀመሪያው የዕረፍት ቀንሽ ዱባይ ጀበል አሊ ያለውን የሲኮች ጉርድዋራ፣ ማለትም የጸሎት ቤታቸውን፣ ሄደሽ እዪ። ራስሽን ተሸፋፍነሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ። ከየትም መጣሽ ከየት፣ ከሁሉም ጋር መሬት ላይ አስቀምጠው በነፃ ያበሉሻል።